ምዕራፍ 7፦ ዓረፍተ ነገሩን ማን ያስረዋል?

«ነጋዴው ከአልዩ አምባ ተነስቶ፣ አንኮበር አድሮ፣ በማግስቱ ደብረ ብርሃን ገባ።»

በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ አይጨነቅም። ሦስት ድርጊቶች ተከታትለዋል፤ ነጠላ ሰረዝ ለይቷቸዋል፤ መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ ተቀምጧል። ያው ሰው ሐሳቡን በእንግሊዝኛ ሲጽፈው ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ ይመጣል፦

«ዘ መርቻንት ሌፍት አልዩ አምባ, ሂ ስፔንት ዘ ናይት ኢን አንኮበር, ሂ ሪችድ ደብረ ብርሃን ዘ ኔክስት ዴይ.»

ቃላቱ ትክክል ናቸው። ግሦቹም ያለፈ ድርጊት እንደሚነገርባቸው ሆነው ረብተዋል። ሆኖም የእንግሊዝኛ አስተማሪ ቀይ እስክሪብቶውን አንስቶ ሁለቱንም ኮማዎች ይከብባቸዋል። ስህተቱ በእንግሊዝኛ ሰዋስው መጻሕፍት «ኮማ ስፕላይስ» ይባላል፤ ራሳቸውን ችለው መቆም የሚችሉ ዓረፍተ ነገሮችን በኮማ ብቻ ማያያዝ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱ ሰዎችም ይሳሳቱታል። አማርኛ ተናጋሪው ግን የሚሳሳትበት የራሱ ምክንያት አለው፤ ይህ ምዕራፍም የሚያተኩረው እሱ ላይ ነው።

እንደ ቀደሙት ምዕራፎች ሁሉ የእንግሊዝኛው ምሳሌ በፊደላችን ተጽፏል፤ በምሳሌዎቹ ውስጥ ያሉት ምልክቶች ግን የእንግሊዝኛው ናቸው። «ነጠላ ሰረዝ» ሲባል የአማርኛው፣ «ኮማ» ሲባል የእንግሊዝኛው መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ዓመተ ምሕረቶቹም፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአማርኛው ግሥ የሚሠራው ሥራ

በምዕራፍ 3 እንደታየው አማርኛ ባለቤቱን አስቀድሞ፣ ተሳቢውን አስከትሎ፣ ግሡን መጨረሻ ላይ ያኖራል። ያን ጊዜ ጉዳዩ የቃላት ቅደም ተከተል ነበር። ቅደም ተከተሉ ግን ለሥርዓተ ነጥብም ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

የሰዋስው መምህራን ያንን የመጨረሻ ግሥ ማሰሪያ አንቀጽ ይሉታል። «ተነስቶ» እና «አድሮ» ደግሞ ቦዝ አንቀጾች ናቸው፤ ድርጊቱን ይናገራሉ እንጂ ዓረፍተ ነገሩን አይዘጉም። አንድ ሰው «ነጋዴው ከአልዩ አምባ ተነስቶ» ብሎ ዝም ቢል ሰሚው «እሺ፣ ከዚያስ?» ማለቱ አይቀርም። «ገባ» ሲባል ግን የሚጠበቅ ነገር የለም። ነጠላ ሰረዞቹ ሁለቱም ቢነሱ ዓረፍተ ነገሩ አይፈርስም፤ የት እንደሚያልቅ የሚናገረው ግሡ ነውና።

ይህ ጠባይ በተቃራኒው በኩል ያሉ ሰዎችንም አስቸግሯል። በ1839 ሚስዮናውያኑ ካርል ኢዘንበርግና ዮሐን ክራፕፍ ወደ ሸዋ ገቡ። ኢዘንበርግ በ1842 ሎንዶን ላይ የአማርኛን ሰዋስው በእንግሊዝኛ ጽፎ አሳተመ። የእሱን መጽሐፍ ይዞ አማርኛ የሚማር እንግሊዝ ዋናውን ግሥ እስኪያገኝ ድረስ ባለቤቱን፣ ተሳቢውን፣ ቦታውንና ጊዜውን ሁሉ በጭንቅላቱ ተሸክሞ መጠበቅ ነበረበት። የአማርኛ ተናጋሪው ችግር የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ እንግሊዝኛው ዋናውን ግሥ ቶሎ ይሰጠውና ማለቂያውን ሳይነግረው ይቀራል።

ልዩነቱ በጭነት ሊታይ ይችላል። ጆንያ የሚታሰረው ከሞላ በኋላ ነው። እህሉ ሁሉ ይገባል፤ አፉ አንድ ጊዜ በሲባጎ ይጠፈራል፤ ሥራው ያበቃል። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ነው፤ ሲባጎው ማሰሪያ አንቀጹ ነው። የእንግሊዝኛው ግን ከአልዩ አምባ ወደ አንኮበር ዳገቱን የሚወጣ አህያ ላይ ያለውን ጭነት ይመስላል። ዋናው ሸክም አስቀድሞ ይጫናል፤ ከዚያ ጀሪካኑ፣ ድስቱ፣ ቁርበቱ አንድ በአንድ ይታከላል። የሚታከለው ሁሉ በሚገባው ገመድ ካልታሰረ ዳገቱ ሳያልቅ ይወድቃል። ገመዶቹ ሥርዓተ ነጥቦቹ ናቸው፤ ውፍረታቸውም እኩል አይደለም።

ቀጭኑና ወፍራሙ ገመድ

ኮማ ቀጭኑ ገመድ ነው። ቅጥያን ከዋናው ሐሳብ ጋር ያስራል፤ ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን ብቻውን መያዝ ግን አይችልም። «ሂ ስፔንት ዘ ናይት ኢን አንኮበር» ባለቤት አለው፤ የታሰረ ግሥ አለው፤ ብቻውን ይቆማል። ስለዚህ የነጋዴውን ታሪክ ለማቃናት አራት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው ነጥብ ማድረግ ነው፦ «ዘ መርቻንት ሌፍት አልዩ አምባ. ሂ ስፔንት ዘ ናይት ኢን አንኮበር.» ሁለተኛው ሴሚኮለን ነው፤ ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች በሐሳብ ሲቀራረቡ የሚያገለግል፣ ከድርብ ሰረዝ ጋር የሚመሳሰል ምልክት፦ «ደብረ ብርሃን ኢዝ ኮልድ; አንኮበር ኢዝ ኮልደር.» ሦስተኛው ከኮማው ቀጥሎ እንደ «አንድ»፣ «በት»፣ «ሶ» ያለ አጫጭር መስተጻምር መጨመር ነው። ቀጭኑ ገመድ በመስተጻምሩ ተደርቦ ጭነቱን ይችላል።

አራተኛው ለአማርኛው ስልት የቅርብ ዘመድ ነው፤ ባለቤቱን አንድ ጊዜ ብቻ መጥራት። «ዘ መርቻንት ሌፍት አልዩ አምባ, ስፔንት ዘ ናይት ኢን አንኮበር, አንድ ሪችድ ደብረ ብርሃን ዘ ኔክስት ዴይ.» ከስህተተኛው ዓረፍተ ነገር የጠፋው ሁለት ጊዜ የተደጋገመው «ሂ» ነው፤ የተጨመረው ደግሞ አንድ «አንድ» ነው። አሁን ሦስቱም ግሦች የአንድ ባለቤት ናቸው፤ ኮማዎቹም ዓረፍተ ነገሮችን ማያያዛቸው ቀርቶ ዝርዝር ለይተዋል። አማርኛ «ተነስቶ፣ አድሮ፣ ገባ» ሲል ባለቤቱን እንደማይደጋግመው ሁሉ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አማርኛው «ነገር ግን» በእንግሊዝኛ «በት»ም «ሀውኤቨር»ም ይሆናል፤ ሁለቱ ግን እኩል አያስሩም። «በት» መስተጻምር ነው፤ «ሀውኤቨር» ግን ተውሳከ ግሥ ነው፤ ዓረፍተ ነገርን ከዓረፍተ ነገር የማሰር አቅም የለውም። ስለዚህ «ኢት ሬይንድ, በት ዘ በስ ሌፍት.» ትክክል ሲሆን «ኢት ሬይንድ, ሀውኤቨር ዘ በስ ሌፍት.» ስህተት ነው። የሚቃናው «ኢት ሬይንድ; ሀውኤቨር, ዘ በስ ሌፍት.» ተብሎ ነው። «ዜርፎር» እና «ሞርኦቨር»ም በዚሁ ሕግ ይገዛሉ።

ከፊት ሲመጣ፣ ከኋላ ሲመጣ

«ዝናብ ስለ ዘነበ አውቶቡሱ ዘገየ።» በጽሑፍ አማርኛ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ይመጣል፤ ጥገኛው ሐረግ ቀድሞ ማሰሪያው ይከተላል። እንግሊዝኛ ለሁለቱም ቦታ ይሰጣል፤ ኮማውም እንደ ቦታው ይመጣል ወይም ይቀራል።

ጥገኛው ከፊት ሲሆን ኮማ ይከተለዋል፦ «ቢኮዝ ኢት ሬይንድ, ዘ በስ ዋዝ ሌይት.» ከኋላ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ኮማ የለም፦ «ዘ በስ ዋዝ ሌይት ቢኮዝ ኢት ሬይንድ.» በመጀመሪያው አንባቢ ዋናው ሐሳብ የት እንደሚጀምር ገና አላወቀም፤ ኮማው «ጥገኛው እዚህ አበቃ» ይለዋል። በሁለተኛው «ቢኮዝ» የሚለው ቃል ራሱ ድንበሩን አሳይቷል፤ ምልክት መጨመር አያስፈልግም። «ዌን»፣ «ኢፍ» እና «አፍተር» በሚጀምሯቸው ሐረጎችም እንዲሁ ነው።

የዚህን አጫጫን ጥግ ማየት የፈለገ የካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስን መጽሐፍ ይግለጥ። ሃሪስ በ1841 የእንግሊዝን መልእክት ይዞ ሸዋ የገባ፣ በዚያው ዓመት ከንጉሥ ሳህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል የተፈራረመ መኮንን ነው። በ1844 በሦስት ቅጽ ያሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ስለ አንኮበር ብዙ ይተርካል፤ በረጃጅምና ባሸበረቁ ዓረፍተ ነገሮቹም ይታወቃል። ዋናው ሐሳብ አንዴ ከተጫነ በኋላ ቅጥያ በቅጥያ ላይ ይደረደራል፤ አንባቢውን ከጫፍ የሚያደርሱት ኮማዎቹና ሴሚኮለኖቹ ናቸው። የዛሬ የእንግሊዝኛ ጸሐፊ እንዲህ እንዲጽፍ አይመከርም፤ ገመዶቹ እንዴት እንደሚሠሩ ለማየት ግን ጥሩ መማሪያ ነው።

ወንድሞቹ ስንት ናቸው?

«አንኮበር የሚኖረው ወንድሜ አስተማሪ ነው።» ተናጋሪው ስንት ወንድሞች አሉት? ከዓረፍተ ነገሩ አይታወቅም፤ ሰሚው ከሌላ ነገር ማወቅ አለበት። በእንግሊዝኛ ግን መልሱን ሁለት ኮማዎች ይሰጣሉ።

«ማይ ብራዘር ሁ ሊቭዝ ኢን አንኮበር ኢዝ ኤ ቲቸር.» ኮማ የለም። ወንድሞቹ ከአንድ በላይ ናቸው፤ «ሁ ሊቭዝ ኢን አንኮበር» የትኛው እንደሆነ ይለያል። «ማይ ብራዘር, ሁ ሊቭዝ ኢን አንኮበር, ኢዝ ኤ ቲቸር.» አሁን ወንድሙ አንድ ነው፤ አንኮበር መኖሩ ተጨማሪ ወሬ ነው። በኮማዎቹ መሐል ያለው ሁሉ ቢወጣ የተነገረለት ሰው አይለወጥም።

ከዚህ ቀላል መመዘኛ ይገኛል። በስሙ ተጠርቶ የታወቀ ሰው ወይም ቦታ ሲሆን ኮማዎቹ ይገባሉ፦ «ኪንግ ሳህለ ሥላሴ, ሁ ሩልድ ሸዋ, ሳይንድ ኤ ትሪቲ ኢን 1841.» ንጉሡ በስሙ ስለታወቀ ሸዋን መግዛቱ ከሌላ ሰው አይለየውም። አማርኛ ተናጋሪዎች እዚህ ላይ በብዛት የሚረሱት ሁለተኛውን ኮማ ነው። አማርኛ «ሸዋን የገዛው ንጉሥ ሳህለ ሥላሴ» ብሎ ገላጩን ከስሙ በፊት ስለሚያስቀምጥ መዝጊያ አያስፈልገውም። በእንግሊዝኛ ግን የተከፈተው መዘጋት አለበት፤ አለዚያ «ሳይንድ» የሚለው ግሥ ከባለቤቱ ይቆራረጣል።

ኮማ ፍርድ ቤት ሲቀርብ

አማርኛ ሲዘረዝር «ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ምስር» ይላል። «ና» ከባቄላ ጋር ስለተጣበቀች ከፊቷ ምልክት የሚገባበት ክፍተት የለም። በእንግሊዝኛ «አንድ» ወይም «ኦር» ለብቻው ስለሚቆም ከፊቱ ኮማ ይግባ አይግባ የሚል የቆየ ክርክር አለ። ይህች የዝርዝር መጨረሻ ኮማ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ልማድ ምክንያት «ኦክስፎርድ ኮማ» ትባላለች። ብዙ የአሜሪካ መጻሕፍት ያስገቧታል፤ ብዙ ጋዜጦች ይተዏታል።

በአሜሪካ ሜይን ግዛት ይህች ምልክት ገንዘብ አስከፍላለች። ኦክኸርስት የተባለው የወተት ኩባንያ ሾፌሮች የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይገባናል ብለው ከሰሱ። የግዛቱ ሕግ ግን ቶሎ በሚበላሽ ምግብ ላይ የሚከናወኑ አንዳንድ ሥራዎችን ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ውጪ ያደርጋል፤ ዝርዝሩም የሚያልቀው «ፓኪንግ ፎር ሺፕመንት ኦር ዲስትሪቢዩሽን» በሚል ሐረግ ነበር። ከ«ሺፕመንት» በኋላ ኮማ የለም። ታዲያ ማከፋፈል ራሱን የቻለ ሥራ ነው ወይስ ሕጉ የሚናገረው ለመላክም ለማከፋፈልም ስለሚደረግ ማሸግ ብቻ ነው? ሾፌሮቹ ያከፋፍላሉ እንጂ አያሽጉም። በመጋቢት 2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አገላለጹ ሁለት ትርጉም እንደሚሰጥ ጠቅሶ ለሾፌሮቹ ወሰነ። በ2018 ኩባንያው 5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የግዛቱ ምክር ቤትም ዝርዝሩን እንደገና ሲጽፈው ሥራዎቹን በሴሚኮለን ለያያቸው።

ይህ ሕግ በአማርኛ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ አይነሳም ነበር። አንዱ ትርጉም «ለመላክ ወይም ለማከፋፈል ማሸግ» ይሆናል፤ ሌላው «ለመላክ ማሸግ ወይም ማከፋፈል»። ማሰሪያው ቃል መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ጸሐፊው ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል። እንግሊዝኛው «ፓኪንግ»ን አስቀድሞ ከጫነ በኋላ የቀረውን ለኮማ ተወ፤ ኮማዋም አልነበረችም።

በካናዳ ደግሞ የተጨቃጨቁት ሮጀርስና አሊያንት የተባሉ ሁለት የቴሌኮም ኩባንያዎች ናቸው። ውላቸው ለአምስት ዓመት የሚጸና፣ ከዚያም ለተጨማሪ አምስት አምስት ዓመታት የሚታደስ ነበር። መጨረሻው ላይ ከኮማ ቀጥሎ «በአንድ ዓመት ቅድመ ማስታወቂያ ካልተቋረጠ በቀር» የሚል ሐረግ ይዟል። የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪው ኮሚሽን በ2006 ኮማዋን መሠረት አድርጎ ማስታወቂያው ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታትም ይሠራል አለ። ጉዳዩ «የሚሊዮን ዶላር ኮማ» የሚል ስም ወጣለት። በ2007 ግን ኮሚሽኑ የውሉን የፈረንሳይኛ ቅጂ አይቶ ውሳኔውን ቀለበሰ፤ ፈረንሳይኛው ሁለት ትርጉም አይሰጥም ነበር።

የኢትዮጵያ ሕግ አውጪ ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር አስቀድሞ መልስ አዘጋጅቷል። ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይታተማል፤ አዋጅ ቁጥር 3/1987 ዓ.ም. ሁለቱ ሲለያዩ አማርኛው የበላይ እንደሚሆን ይደነግጋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 106ም የመጨረሻውን ሕጋዊ እውቅና ለአማርኛው ቅጂ ይሰጣል። በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ የግል ውል ግን እንዲህ ያለ መጠባበቂያ የለውም።

ትንፋሽ መለኪያ አይሆንም

«ትንፋሽ በምትወስድበት ቦታ ኮማ አድርግ» የሚለው ምክር በብዙ ክፍሎች ይሰማል። ጥንታዊ መሠረት አለው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 200 ገደማ በእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት የሠራው አሪስቶፋኒስ በመስመሩ ላይ በሦስት የተለያየ ከፍታ የሚቀመጡ ነጥቦችን አበጅቶ ነበር፤ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ምን ያህል ማረፍ እንዳለበት ያሳዩ ነበር። በሸዋም ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ብርሃንን በመሠረቱበት በ15ኛው ክፍለ ዘመን የብራና ጸሐፊ ዋና ምልክቶች ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብና አራት ነጥቡ ነበሩ። የግእዙን ንባብ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ፣ ተጣይ እያለ ተማሪው ከመምህሩ አፍ ይማረው ነበር።

የዛሬው የእንግሊዝኛ ኮማ ግን መልኩን ያገኘው በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቬኒስ ላይ ከሠራው አታሚ ከአልዱስ ማኑቲዩስ ዘመን ወዲህ ነው፤ ሴሚኮለንም ከዚያው ማተሚያ ቤት ወጣ። ሰው ለብቻው በዝምታ ማንበብ እየለመደ ሲሄድ ምልክቱ ከትንፋሽ ይልቅ ሰዋስውን ማገልገል ጀመረ። ለዚህ ነው ረጅም ባለቤት ካለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ትንፋሽ ቢያጥርም በባለቤቱና በግሡ መሐል አንድ ኮማ የማይገባው። «ዘ ሮድ ፍሮም ደብረ ብርሃን ቱ አንኮበር, ኢዝ ሎንግ.» ማለት ስህተት ነው።

ቀሪዎቹ ምልክቶች

የቀሩት ምልክቶች ብዙ አያስቸግሩም። የጥያቄ ምልክቱ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው፤ የራሳችን ባለ ሦስት ነጥቡ «፧» በዩኒኮድ ሰንጠረዥ ውስጥ ቢገኝም በዛሬ ጽሑፍ ብዙም አይታይም። ኮለን ዝርዝር ወይም ማብራሪያ ሲከተል ይገባል፤ የ«፦»ን ሥራ ይሠራል። በስልክ ሁለት ኮለን ደርድሮ አራት ነጥብ ማድረግ የለመደ ሰው እንግሊዝኛ ሲጽፍ አንዲት ነጥብ ብቻ እንደምትበቃው ያስታውስ። ከምልክቱ በፊት ክፍተት አይተውም፤ ከምልክቱ በኋላ አንድ ክፍተት ይበቃል።

አማርኛ ውስጥ አቻ የሌለው አፖስትሮፍ ነው። «ኢት'ስ» ማለት «ኢት ኢዝ» ማለት ሲሆን «ኢትስ» ደግሞ «የእሱ» ማለት ነው። ተጠራጣሪ ጸሐፊ ቃሉን «ኢት ኢዝ» ብሎ ዘርግቶ ይሞክረው፤ ዓረፍተ ነገሩ ካልተበላሸ አፖስትሮፉ ይገባል።

አንባቢ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ከማለፉ በፊት በቅርቡ በእንግሊዝኛ የጻፈውን አንድ ገጽ ያውጣ፤ የሥራ ማመልከቻ፣ የቤት ሥራ ወይም ደብዳቤ ሊሆን ይችላል። ባለቤትና የታሰረ ግሥ ያለውን ሁሉ በእርሳስ ያስምርበት። ሁለት የተሰመረባቸው ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች በተገናኙበት ቦታ ሁሉ መሐላቸው ያለውን ምልክት ይመልከት። ነጥብ፣ ሴሚኮለን፣ ወይም ኮማ ከመስተጻምር ጋር ካገኘ ይለፈው። ኮማ ብቻውን ካገኘ ከአራቱ መንገዶች አንዱን መርጦ ያርመው፤ ምዕራፍ 8 ስለ አንቀጽ አከፋፈል ሲናገር ይህንኑ የታረመ ገጽ መልሶ ይፈልገዋል።